ለቅሶ ቤት የበላው ሰው

ኢስታንቡል
መስከረም 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሬሐና

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከአየር ጤና ታክሲ ተሳፍሮ፣ የዓለምገናን መጨናነቅ እንደምንም አልፎ፣ ሰበታ ከቅመም ሱቅዎ በር ላይ ይውረድ። ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ልጅዎ ሚንሃ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

እናቴ ጀዋሂር ካረፈች ወዲህ ስልክ እንኳ ሳልደውልልዎ መቆየቴን አውቃለሁ። ቢወቅሱኝ ልክ ነዎት። የቡራዩው ቤታችን ከተከራየ በኋላ ወደ አገር ቤት የሚስበኝ ነገር ያለ አልመስለኝ ብሎ ነበር። አሁን ግን የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት። አንድ የአገራችን ቴሌቪዥን ጣቢያ የወንጀል ድራማ እንድጽፍለት ተዋውሎኛል። እኔ እዚህ ሆኜ እጽፋለሁ፤ ቀረጻው ቡራዩና ሰበታ አካባቢ ይሆናል።

ችግሩ ምን መሰለዎት፣ የጻፍኩትን ያነበበው ዳይሬክተር «ሰዎችህ ሆድ የላቸውም» አለኝ። እውነቱን ነው። መርማሪዋ ማኪያቶ ትጠጣለች፣ ሌባው ማኪያቶ ይጠጣል፣ ሟቹም ከመሞቱ በፊት ማኪያቶ ይጠጣል። ይህን ሲለኝ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሆኜ ቤታችን ሲመጡ፣ የፖሊስና ሌባ ፊልም እያየን «ይሄ ሰውዬ ቁርሱን ሳይበላ የሚወጣ ዓይነት ነው፤ ገዳዩ እሱ ነው» ይሉን ነበር። አብዛኛውን ጊዜም እሱ ሆኖ ይገኛል። እናቴ «ሬሐና ፖሊስ መሆን ነበረባት» ስትል ትዝ ይለኛል።

አሁን ሦስት ሰዎች አሉኝ። ዋናዋ ኢንስፔክተር ዕድላዊት ናት። አንድ ጉቦ የሚወድ ሳጅን አለ። ሌላው ማንም የማይጠረጥረው ገዳይ ነው፤ ስሙን የሺጥላ ብዬዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ምን ይበላሉ? ምን ይወዳሉ? ተመልካቹ ሳህናቸውን አይቶ ማንነታቸውን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። እባክዎ ድምፅ አይላኩልኝ፤ ይጻፉልኝና ሚንሃ በቴሌግራም ትላክልኝ። የእርስዎ አነጋገር በጽሑፍ ቢደርሰኝ ይሻለኛል።

ዱዓዎ አይለየኝ።
ልጅዎ የህያ


ሰበታ
መስከረም 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለየህያ

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ የጻፍክበትን እጅ ይባርከው፤ መዘግየቱንም ይቅር ይበለው። የእህቴ የጀዋሂር ልጅ ጻፈልኝ ብዬ ሱቁን ለሚንሃ ትቼ ጓሮ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛ አትጥፋ።

እንግዲህ ስለጠየቅከኝ ነገር። ኢንስፔክተሯ ቅቅል ትውደድ። አደራህን ተጋቢኖ እንዳታበላት። ተጋቢኖ እየተንተከተከ ነው የሚቀርበው፤ ችኩል ሰው ምላሱን ያቃጥልና ከዚያ ወዲያ የሚበላውን ሁሉ ጣዕሙን አያውቀውም። ቅቅል የሚወድ ሰው ግን አይቸኩልም። መረቁን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ሥጋውን ይለያል፣ በመጨረሻ አጥንቱን ሳህኑ ላይ መታ መታ አድርጎ መቅኔውን ያወጣል። ምርመራስ ቢሆን ከዚህ ምን ይለያል?

ሳጅኑ ክትፎ ቤት ይቀመጥ። ክትፎ አዝዞ እየበላ፣ የሚያውቀው ሰው ባለፈ ቁጥር ወደ ጓዳ ዞሮ «ኧረ ሽሮው ዘገየ!» ብሎ ይጩህ። እንዲህ ያለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፖሊስ ግን አልነበረም።

ገዳዩን ብዙ አሰብኩበት። ሳይቀምስ የሚያመሰግን ሰው ይሁን። ገና እንጀራው ሳይቆረስ «እጅሽ ይባረክ» የሚል። ሰው ማጉረስ ይወዳል። እሱን ሲያጎርሱት ግን ጉርሻውን በእጁ ይቀበልና ሌላ ወሬ አንስቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል። የሰው እጅ የነካውን አይውጥም። እንዲህ ያለ ሰው ያስፈራኛል።

ወንድሜ አደም ባለፈው ጁምዓ ከሱሉልታ መጥቶ ነበር። ደብዳቤህን ሳነብለት «ያ ፍንዳታ! ደራሲ ሆነ በይኝ!» ብሎ ሳቀ። ቦሌ ድረስ ሻንጣህን ተሸክሞ የሸኘህ ዕለት ከአንተ ይልቅ እሱ ነበር ያለቀሰው። ሰላም በይልኝ ብሎሃል። ድራማው ሲጀምር ንገረን፤ ሰፈሩን ሰብስቤ ነው የማየው።

አላህ በሄድክበት መልካም ጎረቤት ያድርግልህ።
አክስትህ ሬሐና


ኢስታንቡል
ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ የሆነውን ብነግርዎ አያምኑኝም። ዳይሬክተሩ ሳጅኑን አንብቦ እስኪያነባ ሳቀ። ቅቅሏንም ወደዳት። «እኚህን ሴትዮ ከየት አገኘሃቸው?» አለኝ። አክስቴ ናቸው ብዬ ኮራሁ።

ገዳዩ ላይ ግን አልተስማማንም። ጉርሻ የሚያስቀምጥ ሰው ካሳየን ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል፤ ምንም የሚጠበቅ ነገር አይኖርም አለኝ። ስለዚህ ሌላ ነገር ልለምንዎ ነው። አበላሉ ሰውን ያሳሳተ ሰው ያውቃሉ? ሲበላ ያዩት ሁሉ አንድ ነገር የጠረጠሩት፣ ውስጡ ያለው ግን ሌላ የሆነ። ሰው ስለራሱ የማይናገረው ዓይነት ነገር። ስም አልፈልግም። እንዲገባኝ ያህል ብቻ ነው።

የእርስዎ ጽሑፍ ሲመጣ እናቴ ወጥ ቤት ሆና የምታወራኝ ያህል ይሰማኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅዎ የህያ


ሰበታ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ የህያ

ሰላም ላንተ፣ ላለህበት አገር፣ ላለህበት ቤት። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰነባበተ። ልመልስልህ ስጀምር እየተውኩት ነው የቆየሁት። የምታውቀው ሰው ስለሆነ ነው። ስለ አደም ልንገርህ።

አደምና ጎበና የሚባል ጓደኛው አንድ አይሱዙ በሽርክና ነበራቸው። ከጫንጮ ገብስና ጤፍ ጭነው አዲስ አበባ ያወርዳሉ። ጎበና ይነዳል፣ አደም ይሸጣል። ወንድማማች ነበሩ ብልህ ይቀለኛል። ሃይማኖታቸው ስለሚለያይ ሥጋ አብረው አይበሉም፤ ስለዚህ የጎበና ሚስት ዱርሲቱ ሁልጊዜ የገብስ ጩኮ በንጥር ቅቤ ለውሳ በአንድ ሳህን ታቀርብላቸዋለች። አደም ደግሞ ጩኮውን በቃሪያ ነው የሚበላው። «ያ ዋቃ! ጩኮ በቃሪያ የሚበላ ሰው ከአንተ በቀር የት አለ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንተ በሄድክ በዓመቱ ጎበና ከጫንጮ ሲመለስ መኪናው ገደል ገባና ሞተ። አደም አብሮት መሄድ ነበረበት፤ ትኩሳት ይዞት ነው የቀረ። ለቅሶው ላይ እኔም ነበርኩ። አደም ዳስ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሽሮ አቀረቡለት፤ በላ። አስጨመረ። ያንንም ጨርሶ ሌላ አስጨመረ። ቀና ሳይል፣ ሰው ሳያይ፣ ሲበላ ዋለ። ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። በማግስቱ ሱሉልታ ገበያ «ጓደኛው የሞተበት ሰው እንዲያ አይበላም፤ ሳይሄድ የቀረውም አውቆ ነው፤ ፍሬኑን ነክቶታል» ተባለ። ፖሊስ ይዞ ጠየቀው። መኪናው ተመረመረ፤ ፍሬኑ ምንም አልሆነም። ጎበና መንገድ የገቡ ከብቶችን ሊያድን ሲል ገደል እንደገባ ያዩ ሰዎች መሰከሩ። አደም ተለቀቀ። ወሬው ግን አልተለቀቀም። ዱርሲቱ «የኔን ቤት ሰው እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ቤቷን ክፍት ባታደርግለት ኖሮ ያን ጊዜ ያብድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው የህያ። አደም ሲያዝን ይበላል። እናታችን የሞተች ዕለት ገና ጉርምስና ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ሳሎን ሲያለቅስ እሱን አጣሁትና ፍለጋ ሄድኩ። ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጎረቤት ያመጣችውን የቅንጬ ድስት ታቅፎ፣ እንባው እየወረደ በእጁ ይበላል። ቅንጬው ቀዝቅዟል። እስኪያልቅ በላው። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየሁትና ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ። ይህንን ለሟቹ ባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ። የሚጠቅምህ ነገር ካለው፣ ሰው እንዳያውቀው አድርገህ፣ ደግነቱን አሳይበት። ሰው በሆዱ እንዳይፈረድበት አድርገህ ጻፈው።

አላህ ምላስህንም ብዕርህንም ይጠብቅልህ።
ሬሐና


ኢስታንቡል
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

አክስቴ፣ ሰላም ነዎት? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራ ስለበዛብኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ አልጽፍም። አንዲት ነገር ብቻ ላጣራ፦ ለቅሶው ላይ ሽሮ ነው ያሉኝ አይደል? ንፍሮ አልነበረም?

የህያ


ሰበታ
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ልጄ። ሽሮ ነው። ለምን ጠየቅከኝ?

ሬሐና


ሰበታ
ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለየህያ፣ ስሜን ላስጠራልኝ

ሰላምታዬ ከነእልልታው ይድረስህ። መልስ ባትሰጠኝም እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ድራማው ጀመረ! እሑድ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቤታችን መቀመጫ የለም። ሳጅኑ «ሽሮው ዘገየ!» ሲል ሚንሃ ከሶፋ ወደቀች። አሁን ሰበታ ታክሲ ተራ ላይ ረዳቶቹ ሳይቀሩ ይሄንኑ ይጮኻሉ። ለደንበኞቼ ሁሉ «ምግቡን የነገርኩት እኔ ነኝ» ብዬ አውርቻለሁ። ቅቤ የሚያመጣልኝ ኦቦ ቶሎሳ «ታዲያ እኔንስ ምን እያበላሽ ታስገቢኛለሽ?» ይለኛል።

ኢንስፔክተሯን ወደድኳት። አጥንቱን ስትመታ እጇን አየሁት፤ እንደነገርኩህ ነው ያደረገችው። የሺጥላ ገዳዩ መሆኑን እስካሁን ማንም አልጠረጠረም። እንዴት ይያዝ ይሆን? ለእኔ ብቻ ንገረኝ።

አደም ሱሉልታ ሆኖ ያያል። «የእህቴ ልጅ» ነው የሚልህ። ጻፍልን እንጂ።

ሬሐና


ሰበታ
ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

የህያ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምነው ልጄ? ምነው?

እሑድ ዕለት የሺጥላ አይሱዙ መኪና አጠገብ ቆሞ ሲታይ ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ፤ አይሱዙ የሌለው አገር የለም ብዬ ተውኩት። ጩኮ ቀረበለት። ቃሪያውን ሲያነሳ ሚንሃ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ጓደኛው ገደል ገባ፤ ከዚያ ዳሱ መጣ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሽሮ ሲበላ፣ ሲያስጨምር፣ ሲበላ። ከበሮ የመሰለ ሙዚቃ ከሥሩ አስገብታችሁበታል። ሚንሃ ድምፁን ቀነሰችው። ጎረቤቶቼ እንዳልገባቸው ሆነው አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። አንዷ በር ላይ «ይሄም የአንቺ ነው?» አለችኝ።

እኔ እኮ ሰው እንዳይፈርድበት ነው የነገርኩህ!

ሱሉልታ የሆነውን ስማ። ልጆች መንገድ ላይ «የሺጥላ! የሺጥላ!» እያሉ ይከተሉታል። የድሮ ወሬ እንደገና ተነሣ። የጎበና ወንድም «ጉዳዩ እንደገና ይታይልኝ» ብሎ ፖሊስ ጋ ሄዷል። ፖሊሶቹ በቴሌቪዥን ሰው አንከስም ብለው መለሱት፤ እሱ ግን ዱርሲቱን «የወንድሜን ገዳይ እየቀለብሽ ነው» ብሏታል። አደም ሰው ፊት መብላት አቆመ። ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ሠርግ ነበረብን። ምግብ አንሥቶ ተቀመጠ። ሰው ማየት ሲጀምር ሳህኑን ወንበሩ ሥር አስቀምጦ ወጣ።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለቅሶውን አገር አይቶታል፤ ከማንም ይስማው» አልኩት። አመነኝ። እኔም ለራሴ ያመንኩት መሰለኝ።

ድራማው ገና አላለቀም። መጨረሻው በእጅህ ነው። የሺጥላ ገዳይ አይሁን። ኢንስፔክተሯ እውነቱን ታውቅ፤ ከሐዘን ብዛት እንደበላ ትናገር። አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ከተባለ ሰው ሁሉ ያምናል። ያጠፋኸውን አንተው ልታቀናው ትችላለህ። የእናትህን ስም ጠርቼ ነው የምለምንህ።

ሬሐና


ኢስታንቡል
ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሬሐና

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዘግይቼ ስለመለስኩ አፉ ይበሉኝ። ደብዳቤዎን አይቼ መልሱ ስለከበደኝ ነው እንጂ ንቄዎ አይደለም።

አደም አጎቴ ነው። እሱን ለመጉዳት ብዬ አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። ድርሰት ነው፣ አክስቴ። ስሙን ቀይሬአለሁ፣ ሃይማኖቱን ቀይሬአለሁ፣ ከተማውን አልጠራሁም። ሰዎች መመሳሰሉን ያገኙት «ምግቡን የነገርኩት እኔ ነኝ» ብለው እርስዎ ገበያ ላይ ስላወሩም ይሆናል፤ ይህን ስል ልወቅስዎ አይደለም። ደግሞም «የሚጠቅምህ ነገር ካለው» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው።

ስለ መጨረሻው ያሉኝን ግን ተቀብያለሁ። ገና አልተቀረጸም። ከዳይሬክተሩ ጋር እነጋገራለሁ። ኢንስፔክተሯ እውነቱን እንድታወጣ አደርጋለሁ፣ ኢንሻአላህ። ለአደምም እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ የህያ


ሰበታ
ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ የህያ

አላህ ከክፉ ይሰውርህ። ገበያ ላይ ማውራቴን ልክ ነህ፣ አፌ ነው የጎዳኝ። ሌላውን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ ይህቺን ቃልህን ይዤአለሁ። ዛሬውኑ ሱሉልታ ደውዬ ለአደምም ለዱርሲቱም ነገርኳቸው። አደም «እሺ እቴቴ» አለኝ፤ ድምፁ ቀለል ብሎ ነበር። የመጨረሻውን ክፍል ሁላችንም ዱርሲቱ ቤት ተሰብስበን ነው የምናየው።

ሬሐና


ኢስታንቡል
ነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሬሐና

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ስልክዎን አያነሱልኝም።

የመጨረሻውን ክፍል እንዳዩት ገምቻለሁ። ሁለት መጨረሻ ጽፌ ነበር፤ ይመኑኝ። የእርስዎን ስናነበው ቀዘቀዘ። የሺጥላ ንጹሕ ከሆነ ያ ሁሉ ክፍል ለምን ታየ ተባልኩ። እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ ሌላኛውን ነው የወደድኩት። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ስታስገባለት የምትለው ነገር ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። ሰው በየቦታው ያንኑ ይጠቅሳል። አንድ ቀን ይረዱኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ድራማው ስለተወደደ ጣቢያው ሁለተኛ ምዕራፍ ፈልጓል። ለቀረጻው ወደ ኅዳር አካባቢ እመጣለሁ። ሆቴል ከማርፍ ሰበታ እርስዎ ጋ ብሰነብት ደስ ይለኛል። አደምንም ዓይን ለዓይን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በመጨረሻው ላይ «ምስጋና ለወይዘሮ ሬሐና» ተብሎ ስምዎ እንዲወጣ አድርጌአለሁ፤ አይተውታል?

አዲሱ ምዕራፍ የሺጥላ እስር ቤት ሆኖ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ሰው ከታሰረ በኋላ ምን የሚያምረው ይመስልዎታል?

ልጅዎ የህያ


ሰበታ
መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ የህያ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «እርስዎ» ያልኩዎ ሳላስተውል አይደለም።

የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት ሱሉልታ ዱርሲቱ ቤት ነበርኩ። ሰውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። የጎበናን ወንድም ራሴ ቤቱ ድረስ ሄጄ «ና፣ እውነቱን አብረን እንየው» ብዬ ነው ያመጣሁት። አደም አልመጣም ብሎ ነበር። «ልጁ ቃል ገብቶልኛል፤ ሰው ሁሉ ባለበት ተቀምጠህ ነው ማየት ያለብህ» አልኩት። ለእኔ ሲል መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

ዱርሲቱ ምግብ አቀረበች። አደም እንደ ልማዱ አልነካም አለ። «አንተ፣ እኔ ቤት ነው እኮ ያለኸው» አለችው። ትንሽ አመነታና እጁን ዘረጋ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው ፊት ሲበላ ሳይ ደስ ብሎኝ ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ፤ እንባዬን ልደብቅ ነው።

ስመለስ ኢንስፔክተርዎ ስለ የሺጥላ ልጅነት እያወራች ነበር። እናቱ የሞተች ዕለት ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ የቅንጬ ድስት የጨረሰ ልጅ ብላ። ልጁንም አሳያችሁት። ድስቱን አሳያችሁት። በበር ስንጥቅ ነው የቀረጻችሁት። ከዚያ ካቴናውን አስገባችለትና «ያዘነ ሰው ጉሮሮው ይዘጋል፤ ያንተ ግን ክፍት ነበር» አለችው።

የአደም እጅ ሳህኑ ላይ ነበር። ሁላችንም እጁን አየነው። ዱርሲቱ አላየሁም ብላ ትምላለች፤ አይታለች። እኔም አይቻለሁ። የጎበና ወንድም ጫማውን አጥልቆ ወጣ። አደም ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ዱርሲቱን በቋንቋዋ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ድስቱን አይተሽኝ ነበር?» አለኝ።

«አደም፣ ስማኝ» አልኩት።

«እኔ እኮ ማንም ያላየኝ ይመስለኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት።»

ስሜ በቴሌቪዥኑ ሲወጣ እሱ በሩ ላይ ነበር። ዞሮ አነበበው።

ሁለት መጨረሻ ጻፍኩ፣ ሌላኛውን ወደድኩት ብለዋል። ቀዘቀዘ ብለዋል። አደም ቤት የማይቀዘቅዝ ምን ቀረ? ዱርሲቱ አሁንም «የኔ ቤት ሰው ነው» ትላለች፤ ግን እሱን ካስገባች ልጆቿ ከአጎታቸው ከጎበና ወንድም ይጣላሉ፤ ስለዚህ ወደ ቤቷ አትጠራውም። እሱም አይጠብቃትም። የሱሉልታውን ሥራ ትቶ ተፍኪ ገባ። የአንድ ሰው እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

ኅዳር ልምጣ፣ እርስዎ ጋ ልሰንብት ብለዋል። የመጣ እንግዳ አልመልስም፤ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝም፣ የእናትዎ ፍቅርም አይፈቅድልኝም። ይምጡ። ሚንሃ አልጋ ታነጥፍልዎታለች፣ ምግብ ታቀርብልዎታለች። እኔ ግን ከእርስዎ ጋር ማዕድ አልቀርብም። የታሰረ ሰው ምን ያምረዋል ብለው ጠይቀውኛል። ከእንግዲህ ሰው ሲበላ አላይም። ሱቅ ውስጥ እንኳ ሰው ሲቀምስ ፊቴን አዞራለሁ።

ትናንት ተፍኪ ሄጄ ነበር። ስልኬን ስለማያነሣ ሳልነግረው ሄድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ ሲያስቆጥር አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ አልተቆጣም፣ አላባረረኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢጮህብኝ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ወንበር አውጥቶ ጠረገልኝ። ከማዶው ሻይ ቤት ሻይ አስመጣልኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ወደ እኔ አስጠግቶ፣

«ይጠጡ» አለኝ።

አቶ የህያ፣ ያንን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ «አንቺ» ሲለኝ ነው የኖረው። ሲቆጣኝ «አንቺ»፣ ሲለምነኝ «አንቺ»። «ይጠጡ» ሲለኝ ሰው ሰምቶት ቢሆን እንዴት ያለ ጨዋ ወንድም ነው ይላል። ሻዩን ጠጣሁት። ስኳር ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ስነሣ እስከ መንገድ ሸኘኝ፣ ታክሲ አስቆመልኝ፣ «ደህና ይግቡ» ብሎ በሩን ዘጋልኝ።

እኔም ለእርስዎ የቀረኝ ይኸው ነው። ደህና ይሁኑ።

ሬሐና